በባልቲሞር ስላለው ዋልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ስለ ኢትዮጵያ ስብስቡና በጓዳ ስለሚሠራው ሥራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ስለሚገኘው ስለዚህ ሙዚየም አዘውትረው ለሚነሡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች እነሆ፤ ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ዋልተርስ ምን ዓይነት ሙዚየም ነው? ማንስ አቋቋመው?

ዋልተርስ ማውንት ቬርኖን በሚባለው የባልቲሞር ነባር ሰፈር የሚገኝ፣ ከጥንታዊት ግብፅ አንሥቶ በልዩ ልዩ ዘመናትና አገሮች የተሠሩ ወደ 36,000 የሚጠጉ ሥራዎችን የያዘ ሙዚየም ነው። ስብስቡን የጀመረው በመጠጥ ንግድና በባቡር ሐዲድ የከበረው ዊልያም ዋልተርስ (1819–1894) ሲሆን፣ ያስፋፋው ልጁ ሄንሪ (1848–1931) ነው። ሄንሪ በ1902 ማሳሬንቲ የተባሉ የቫቲካን ካህን ሮም ውስጥ ሰብስበዋቸው የነበሩ ከ1,500 በላይ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ገዝቷል። ይህን ሁሉ የሚያኖርበትን፣ በጣሊያን የጄኖቫ ከተማ ባለ አንድ ጥንታዊ ሕንፃ አምሳያ ያሠራውን ቤት በ1909 ከፈተ፤ ሲሞትም ሕንፃውንና ስብስቡን ለባልቲሞር ከተማ አወረሰ። ሙዚየሙ የሕዝብ ተቋም ሆኖ ሥራ የጀመረው በ1934 ነው።

ስለ መሥራቾቹ ሲነገር ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። ዊልያም ዋልተርስ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለባርነት የቆመውን የደቡቡን ወገን ይደግፍ ስለ ነበር የጦርነቱን ዓመታት ያሳለፈው በፓሪስ ነው። ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ብሎ በ1857 የፈረደውን የዋና ዳኛ ሮጀር ታኒን ሐውልት በ1887 ለሙዚየሙ ቅርብ በሆነው አደባባይ ያስቆመውም እርሱ ነው። ከተማዋ ሐውልቱን በኦገስት 2017 አንሥታለች፤ ሙዚየሙም ዛሬ ይህን ታሪክ ራሱ በግልጽ ይናገራል።

መግቢያው ስንት ነው? ከዋሽንግተን አካባቢ እንዴት ይኬዳል?

ከኦክቶበር 2006 ጀምሮ ቋሚውን ስብስብ ለማየት ክፍያ አይጠየቅም፤ ለአንዳንድ ልዩ ትርዒቶች ግን ቲኬት ያስፈልጋል። ሙዚየሙ ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነው። ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን በማርክ ባቡር ተነሥቶ ባልቲሞር ፔን ስቴሽን የሚወርድ ሰው፣ ቻርልስ ጎዳናን ይዞ ወደ ደቡብ ሲሄድ በእግሩ ይደርሳል። በዚያው ከተማ የሚገኘው የባልቲሞር የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሌላ ተቋም መሆኑ ይታወቅ፤ በስሙ መመሳሰል ምክንያት የኢትዮጵያን ብራናዎች ፍለጋ ወደዚያ የሚሄዱ ሰዎች አሉ።

ከኢትዮጵያ ሥራዎች ሌላ ምን አለ?

ብዙ አለ፤ ጥቂቶቹን ብቻ መጥቀስ ይበቃል። ራፋኤል ከረዳቶቹ ጋር የሠራት የመቅረዞቹ ማርያም፣ የኤድዋር ማኔ የቡና ቤት ሥዕል፣ ሄንሪ ዋልተርስ በ1930 ፓሪስ ላይ የገዛቸው የሩሲያው ጌጥ ሠሪ ፋበርጄ ለንጉሣውያን የሠራቸው ሁለት የጌጥ እንቁላሎች፣ እንዲሁም በአንድ ወቅት የሠዓሊው የሩበንስ ንብረት የነበረ ከአንድ ወጥ የከበረ ድንጋይ የተቀረጸ ጽዋ ይገኙበታል። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓና የእስልምናው ዓለም የእጅ ጽሑፎች ስብስቡም በጥናት ዓለም የታወቀ ነው።

የኢትዮጵያ ስብስቡ ምን ይዟል?

ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ታላላቅ የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ስብስቦች አንዱ ነው። ብራናዎች፣ በገበታ ላይ የተሣሉ ሥዕላት፣ የመጾርና የእጅ መስቀሎች ይገኙበታል። ጊዜ ያለው ጎብኚ በተለይ ሦስት ሥራዎችን ፈልጎ ቢያይ ዋጋ ያለው ነገር ያገኛል።

የመጀመሪያው በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጻፈ የትግራይ ወንጌል ሲሆን በሙዚየሙ መዝገብ ደብሊው 836 ተብሎ ይጠራል። በዚህ ወንጌል ስቅለቱ ሲሣል የክርስቶስ አካል በመስቀሉ ላይ አይታይም፤ መስቀሉ ባዶውን ቆሞ ከበላዩ በግ ተሥሏል። ይህ አሣሣል ከቅድስት አገር በጥንት ዘመን ከመጡ ምሳሌዎች ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ያስረዳሉ። ሁለተኛው በ1540 አካባቢ የተጻፈው የጉንዳጉንዲ ወንጌል፣ ደብሊው 850 ነው። በምሥራቅ ትግራይ በአጋመ የሚገኘው የጉንዳጉንዲ ገዳም የደቂቀ እስጢፋኖስ መኖሪያ ነበር፤ እነዚህ መነኮሳት በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ብለዋል ተብለው ብዙ መከራ የተቀበሉ ናቸው። የእነርሱ ልጆች ግን በመሥመሩ ጥራትና በቀለሙ ድምቀት ከሩቅ የሚለይ የአሣሣል ስልት ትተውልናል፤ የወንጌላውያኑን ምስል የሚከቡትን ሐረጎች ቀርቦ ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል።

ሦስተኛው በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዚያው ስልት የተሣለ፣ ታጥፎ የሚቀመጥና ሲዘረጋ ክብ ማራገቢያ የሚሆን የብራና ሥዕል ነው። በበዓል ቀን በዑደት ጊዜ ተዘርግቶ እንዲታይ የተሠራ በመሆኑ፣ ቅዱሳኑ በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። የዚህ ዓይነት ማራገቢያ በዓለም ላይ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው።

የሠዓሊዎቹ ስም በመግለጫው ላይ የማይጻፈው ለምንድን ነው?

ሙዚየሙ ስማቸውን ስለ ናቀ አይደለም። አብዛኞቹ የጥንት ሠዓሊዎቻችን ሥራቸውን በስማቸው አልፈረሙም፤ በብራናው መጨረሻ ስሙ የሚታወሰው በብዛት ያጻፈው ሰው፣ አንዳንድ ጊዜም ጸሐፊው ነው። ከጥቂቶቹ ስማቸው ከቀረ አንዱ ፍሬ ጽዮን ነው። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የማርያም ሥዕል ላይ ያለው ጽሑፍ የእርሱን ስም ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468) ስም ጋር ስለ ጠቀሰ፣ ሊቃውንት ከዚያ ተነሥተው የፊት አሣሣሉን፣ የልብስ እጥፋቱንና የመላእክቱን አቋቋም በማነጻጸር ሌሎች ሥራዎችን ለእርሱ ወይም ለተከታዮቹ ሰጥተዋል። በዋልተርስም ከእርሱ ስልት ጋር የተያያዘ ተዘጊና ተከፋች የገበታ ሥዕል አለ። «የእገሌ ተከታይ» የሚል መግለጫ ሲነበብ እንዲህ ያለ የዓመታት ንጽጽር ከበስተጀርባው እንዳለ መታወቅ አለበት።

የዘመናችን ሠዓሊዎች ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሙዚየሙ ባለፉት ዓመታት ፎቶግራፍ አንሺዋን አይዳ ሙሉነህን፣ የፊደልን ቅርጽ የሥዕሉ መሠረት ያደረገውን ወሰኔ ኮስሮፍን፣ እንዲሁም ጸዳዬ መኮንንን ከጥንቶቹ ሥራዎች ጎን አሳይቷል። የወሰኔን ሸራ ከአንድ የብራና ገጽ አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው ፊደላችን መነበቢያ ብቻ ሳይሆን በራሱ ሥዕል መሆኑን ይገነዘባል።

ያየሁት ብራና በሚቀጥለው ጉብኝቴ ጠፋብኝ፤ ለምን ተነሣ?

በብርሃን ምክንያት ነው። ብርሃን በቀለምና በብራና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀስ በቀስ የሚጠራቀምና ፈጽሞ የማይመለስ ነው፤ የደበዘዘን ቀለም የሚመልስ ጥበብ የለም። ስለዚህ ብራና በሚታይበት ክፍል መብራቱ እስከ 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) ዝቅ ይደረጋል፣ ጎጂው የአልትራቫዮሌት ጨረርም ይጣራል፤ መጽሐፉም ጥቂት ወራት ከታየ በኋላ ወደ ጨለማው ማከማቻ ተመልሶ ለረጅም ጊዜ ያርፋል። አንዳንድ ጊዜ መጽሐፉ እዚያው ሆኖ ገጹ ብቻ ይገለጣል። ክፍሉ ደብዛዛ ሆነብኝ ብለው ቅር የሚሰኙ ጎብኚዎች ብዙዎች ናቸው፤ ዓይን ከድንግዝግዙ ጋር እስኪለማመድ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይጠቅማል።

ሌላው ጉዳይ እርጥበት ነው። ብራና የእንስሳ ቆዳ በመሆኑ አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲረጥብ ይለጠጣል፤ በላዩ ያለው ቀለም ግን አብሮ ስለማይንቀሳቀስ ይሰነጠቅና ይረግፋል። ከዋንዛም ሆነ ከሌላ እንጨት የተሠራ የሥዕል ገበታም እንዲሁ ነው። በማሳያውና በማከማቻው ያለው አንጻራዊ እርጥበት ወደ 50 በመቶ ተጠግቶ እንዲረጋ ቀንና ሌሊት የሚለካው በዚህ ምክንያት ነው።

ጎብኚው የማያየውን ሥራ የሚሠሩት እነማን ናቸው?

ኪዩሬተሩ ስብስቡን የሚያጠና፣ ምን ይገዛ፣ ምን ይታይ፣ መግለጫው ምን ይበል የሚለውን የሚወስን ሰው ነው። ሬጅስትራሩ እያንዳንዱ ዕቃ የት እንዳለ፣ በምን ሰነድ እንደገባ፣ ለማን በውሰት እንደተሰጠና ዋስትናው ምን እንደሆነ የሚመዘግብ ሲሆን፣ የእርሱ መዝገብ ባይኖር ሙዚየሙ የራሱን ንብረት አያውቅም ነበር። የጥገና ባለሙያዎቹ ደግሞ በወረቀትና ብራና፣ በሥዕል፣ በብረታ ብረትና በሌሎች ቁሶች ተከፋፍለው ይሠራሉ። የዋልተርስ የጥገና ክፍል በ1934 የተጀመረ ስለ ሆነ ከአሜሪካ አንጋፋዎቹ መካከል ይቆጠራል።

ከእነዚህ ሁሉ ስማቸው የማይነሣው ማቆሚያ ሠሪዎቹ ናቸው። አንድ የመጾር መስቀል በመስታወት ውስጥ በአየር ላይ የቆመ መስሎ የሚታየው፣ ለእርሱ ብቻ ተለክቶ በተሠራና በጎብኚው ዓይን እንዳይታይ ቀለም በተቀባ የብረት መያዣ ነው። ለብራና ደግሞ መጽሐፉ ያለ ጭንቀት እስከሚከፈትበት ማዕዘን ድረስ ብቻ የሚደግፍ አልጋ ይሠራለታል። የኢትዮጵያ መጽሐፍ ከአውሮፓው የተለየ ነው፤ ጥራዞቹ በሰንሰለት ስፌት ከእንጨት ገበታው ጋር ስለሚያያዙና ጀርባው በሙጫ ስለማይደርቅ በነጻነት ይከፈታል። የጥራዝ ባለሙያዎች ይህን ስፌት በአድናቆት ያጠኑታል፤ አድናቆቱም ይገባዋል።

ባለሙያዎቹ ብራናውን ያለ ጓንት የሚነኩት ለምንድን ነው? ነውር አይደለም?

ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ትክክለኛው አያያዝ ይህ ነው። የጥጥ ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ገጹ ሲገለጥ ሊቀደድ ይችላል፤ ክሩም በሚረግፈው ቀለም ላይ ይያዛል። ስለዚህ እጅን በሚገባ ታጥቦና አድርቆ፣ ያለ ቅባት መንካት ይመረጣል። ብር፣ ነሐስና ሌላ ብረት ሲሆን ግን የእጅ ላብ ስለሚያዝገው ጓንት ግዴታ ነው።

የተጎዳ ሥዕል ሲጠገን በአዲስ ቀለም ይቀባል?

በመሠረቱ አይቀባም። የዘመናዊው ጥገና ሕግ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የሚጨመረው ነገር ወደፊት ያለ ጉዳት ሊነሣ የሚችል መሆን አለበት፤ የተደረገውም ሁሉ በጽሑፍና በፎቶግራፍ መመዝገብ አለበት። ሊረግፍ የተቃረበ ቀለም በማይክሮስኮፕ እየታየ፣ ከጌላቲን ወይም ከዓሣ በተሠራ ቀጭን ሙጫ፣ በጥቂት ጸጉር ብሩሽ ጠብታ በጠብታ ይጣበቃል። የተቀደደ ብራና በስስ የጃፓን ወረቀት ወይም በተመሳሳይ ቁስ ይያዛል። የአንድ ገጽ ሥራ ቀናት የሚወስድበት ጊዜ አለ።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ምን ይተው የሚለው ውሳኔ ነው። በገጹ ላይ የተንጠባጠበው የጧፍ ሰም፣ የዕጣኑ ጢስ ያጠቆረው ጠርዝ፣ ምእመናን በመሳለም ያደበዘዙት የማርያም ፊት፣ ጸሐፊው ገና ሲጀምር የቆዳውን ቀዳዳ በክር የሰፋበት ቦታ፣ እነዚህ ሁሉ የመጽሐፉ ሕይወት ናቸው። ኃላፊነቱን የሚያውቅ ባለሙያ አያጸዳቸውም። መስቀልም ቢሆን እስኪያብለጨልጭ አይወለወልም፤ ውልወላው ከላይኛው ገጽ ቀጭን ሽፋን ስለሚያነሣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ቅርጹን ይበላዋል።

የአንድ ሥራ ዕድሜና እውነተኛነት እንዴት ይታወቃል?

በአንድ ምልክት ብቻ አይታወቅም። የፊደሉ አጣጣል በየዘመኑ ስለሚለያይ የግእዝ የእጅ ጽሑፍ አጥኚዎች ከፊደሉ ብቻ ክፍለ ዘመኑን ሊገምቱ ይችላሉ። በጽሑፉ ውስጥ የንጉሥ፣ የጳጳስ ወይም የአበ ምኔት ስም ከተገኘ ግምቱ ይጠብባል። ይሁን እንጂ በብዙ ብራናዎች የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው ስለሚጻፍበት፣ ስሙ የመጽሐፉን ባለቤት እንጂ ሁልጊዜ የተጻፈበትን ዘመን አያሳይም።

ከዚያ በኋላ የቁስ ምርመራው ይመጣል። በኤክስሬይ ጨረር የሚሠራ መሣሪያ ናሙና ሳይቆረጥ በቀለሙ ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ያሳያል፤ ሜርኩሪ ከታየ ቀዩ ሲናባር ነው፣ አርሴኒክ ከታየ ቢጫው ኦርፒመንት ሊሆን ይችላል። ጥቁሩ የጥላሸት ቀለምና ከዕፅዋት የሚገኘው ሰማያዊው ኢንዲጎ ግን በዚህ መሣሪያ ስለማይለዩ በሌላ መንገድ ይመረመራሉ። የአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ነው በሚባል ሥዕል የመጀመሪያ ንብብር ውስጥ የፕራሻ ሰማያዊ ቢገኝ፣ ይህ ቀለም የተፈለሰፈው በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ ሆነ የተባለው ዕድሜ ይወድቃል። የኋላ ዘመን እጅ በጥንት ሥዕል ላይ ደርቦ ቀብቶ ሊሆን ስለሚችል ግን ቀለሙ የተወሰደበት ንብብር በጥንቃቄ መለየት አለበት።

የአርኪሜደስ መጽሐፍ በዚህ ሙዚየም ታድሷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ የሙዚየሙን የጓዳ ሥራ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክም የለም። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን በቁስጥንጥንያ በብራና የተገለበጠ የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ የአርኪሜደስ ድርሳን ነበር። በ1229 አንድ ካህን ጽሑፉን ፍቆ፣ ቆዳውን አጥፎ የጸሎት መጽሐፍ ጻፈበት። ዴንማርካዊው ሊቅ ሃይበርግ በ1906 የተፋቀውን ከሥሩ አንብቦ ለዓለም ቢገልጥም፣ መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ጠፍቶ ሲገለጥ በሻጋታ ተበልቶ ነበር፤ በዚያ ላይ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አንድ ሰው በአራት ገጾች ላይ ጥንታዊ የሚመስሉ ሐሰተኛ የወንጌላውያን ሥዕሎችን ደርቦበታል። በኦክቶበር 1998 በጨረታ በሁለት ሚሊዮን ዶላር የገዛው ስሙ ያልተገለጠ ሰው በ1999 መጀመሪያ ለዋልተርስ በአደራ ሰጠው።

የብራና ጥገና ባለሙያዋ አቢጌይል ክዋንት ጥራዙን ፈትታ ገጾቹን ለመለያየት ብቻ ወደ አራት ዓመት ወስዶባታል፤ ምክንያቱም ጀርባው በዘመናዊ ጠንካራ ሙጫ ተለጥፎ ነበር። ከዚያ ገጾቹ በተለያየ የብርሃን ሞገድ ፎቶ ተነሡ፤ በሐሰተኞቹ ሥዕሎች የተሸፈኑት ደግሞ በስታንፎርድ በሚገኘው ታላቅ የጨረር ማፍለቂያ ተመርምረው በቀለሙ ውስጥ የቀረው ብረት ፊደሉን አሳየ። የአርኪሜደስ ብቻ ሳይሆን የአቴናዊው ተናጋሪ የሂፔሬይዴስ ጠፍተው የነበሩ ንግግሮችም ከዚያው ተገኙ። ምስሎቹ በ2008 ማንም በነጻ እንዲጠቀምባቸው ተለቀቁ። የተፋቀ ጽሑፍን የማንበብ ዘዴ እንዲህ ከደረሰ፣ በብራናዎቻችን ላይ የተፋቁት የባለቤቶች ስሞችም አንድ ቀን ይነበባሉ ብሎ ተስፋ ማድረግ ይገባል።

አንድ ትልቅ ትርዒት እንዴት ይዘጋጃል?

ዓመታት ይወስዳል። «ኢትዮጵያ በመስቀለኛው መንገድ» የሚል ትርጉም ያለው ስያሜ የተሰጠው ትርዒት በዲሴምበር 2023 በዋልተርስ ተከፍቶ እስከ ማርች 2024 ከቆየ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ ወደሚገኘው ፒቦዲ ኤሴክስ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኦሃዮ ወደሚገኘው ቶሊዶ ሙዚየም ተጉዟል። ኪዩሬተሯ ክሪስቲን ሻካ ስትሆን የዘመናዊው ክፍል እንግዳ ኪዩሬተር አርቲስቷ ጸዳዬ መኮንን ነበረች። ከሁለት መቶ በላይ ሥራዎች ቀርበዋል፤ የሙዚየሙ የራሱ ስብስብ ብቻ ስላልበቃ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከኢትዮጵያ በውሰት የመጡ ነበሩበት። ጎብኚው የዕጣኑንና የበርበሬውን ሽታ እንዲያሸት ካርድ መዘጋጀቱ ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ላደገ ሰው ግን ሥዕልና ዕጣን አብረው መምጣታቸው ተገቢ ነው።

ከውሰቱ በስተጀርባ ያለው ሥራ ከባድ ነው። ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ስንጥቁና ጭረቱ ሁሉ በፎቶና በጽሑፍ ይመዘገባል፤ በልኩ በተሠራ ሣጥን ይታሸጋል፤ ብዙ ጊዜ ከአበዳሪው ወገን አጃቢ አብሮ ይጓዛል። ሲደርስም ሣጥኑ ወዲያው አይከፈትም፤ በውስጡ ያለው አየር ከክፍሉ ጋር እስኪመጣጠን አንድ ቀን ያህል ይጠበቃል። ከዚያ ምዝገባው በድጋሚ ይነጻጸራል። የአሜሪካ መንግሥትም ለውሰት የመጡ ሥራዎች በፍርድ ቤት እንዳይያዙ የሚከላከል የ1965 ሕግና ለዋስትና የሚቆም የ1975 ሕግ አለው።

ቤቴ ያለውን አሮጌ ብራና ወስጄ ዋጋውን ማስገመት እችላለሁ?

አይቻልም። ሙዚየሞች በጥቅም ግጭት ምክንያት የገንዘብ ዋጋ አይገምቱም፤ ለሙዚየም ዕቃ የሚሰጥ ሰውም ዋጋው ከ5,000 ዶላር ካለፈና ከግብሩ ሊያስቀንስ ከፈለገ ራሱን የቻለ ገማች ማምጣት አለበት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መጽሐፉ ከኢትዮጵያ እንዴት ወጣ የሚለው መጠየቅ አለበት። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በኢትዮጵያ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ጥንታዊ ቅርሶችን የሚጠብቅ አዋጅ በ1966 ወጥቷል፣ በ2000 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209 ጉዳዩን በስፋት ደንግጓል።

ከአያት ከቅድመ አያት በቤተሰብ የቆየ መጽሐፍ ከሆነ አያያዙ ቀላል ነው፦ ከፀሐይ፣ ከማሞቂያና ከእርጥብ ምድር ቤት መራቅ፤ ፕላስተር አለመለጠፍ፣ በፕላስቲክ አለማሸግ፣ ዘይትም ሆነ ቅባት አለመቀባት፤ ማኅደሩ ካለ ከመጽሐፉ አለመለየት። ነፍሳት ከታዩ መርዝ መርጨት አይገባም፤ የወረቀትና የብራና ጥገና ባለሙያ ይጠየቅ።

ግእዝ አነባለሁ፤ ከቤቴ ሆኜ ብራናዎቹን ማንበብ እችላለሁ?

ይቻላል፤ ብዙ ሰው ይህን አለማወቁ ያሳዝናል። ሙዚየሙ በርካታ ብራናዎቹን ከገበታ እስከ ገበታ በከፍተኛ ጥራት አንሥቶ በድረ ገጹ በነጻ አስቀምጧል፤ ምስሎቹን ማውረድ፣ ማተምና ለትምህርት መጠቀምም ተፈቅዷል። በመዝገብ ቁጥሩ መፈለግ በስም ከመፈለግ ይቀላል፤ የግእዝ ስሞች በላቲን ፊደል የሚጻፉበት መንገድ ብዙ ስለ ሆነ ነው። በኅዳግ የተጻፈን የርስት ውል፣ የተሳሳተ የቅዱስ ስም ወይም ያልተነበበ የባለቤት ስም ያገኘ አንባቢ ለሙዚየሙ ቢጽፍ ትልቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው። በዜማና በቅኔ ቤት ያለፉ ካህናትና ዲያቆናት በገጹ ላይ የሚያዩትን የውጭ አጥኚ በመዝገበ ቃላት ብቻ አያገኘውም።

እነዚህ ሥራዎች ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው? እንዴትስ ወደ ባልቲሞር ደረሱ?

የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመቅደላ የዘረፈው ቅርስ በአመዛኙ የሚገኘው በብሪታንያ ተቋማት ነው። የዋልተርስ የኢትዮጵያ ስብስብ ግን በዋናነት የተገነባው በ1990ዎቹ ነው። በ1993 በዚሁ ሙዚየም ታላቅ የኢትዮጵያ ቅዱስ ሥነ ጥበብ ትርዒት ከቀረበ በኋላ፣ ከ1994 እስከ 2013 ዳይሬክተር በነበሩት በጋሪ ቪካን ዘመን ከአሜሪካ የግል ሰብሳቢዎች በስጦታና በግዢ ብዙ ሥራዎች ገብተዋል። የጉንዳጉንዲ ወንጌልም የመጣው ከግል ስብስብ ነው።

ከግል ሰብሳቢ መምጣቱ ግን የጥያቄውን መጨረሻ አያሳይም፤ ሰብሳቢውስ ከማን ገዛው? የሚለው ይቀራል። ባለፈው ክፍለ ዘመን በችግርና በጦርነት ጊዜ ከአብያተ ክርስቲያናት የወጣው ቅርስ ሁሉ በዘረፋ አልወጣም፤ የተሸጠ አለ፣ በስጦታ የተሰጠ አለ፣ የተሰረቀም አለ። ሰነድ ከሌለ ሦስቱን ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም።

ታዲያ ወደ አገራቸው መመለስ የለባቸውም?

ይህ ጥያቄ በጅምላ አዎን ወይም አይሆንም ተብሎ የሚመለስ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ መልሱ በታሪኩ ውስጥ ነው። ሕጉን በተመለከተ፣ የዩኔስኮ የ1970 ስምምነት ቅርስን በሕገ ወጥ መንገድ ማዘዋወርን ይከለክላል፤ አሜሪካ በ1983፣ ኢትዮጵያም በ2017 ተቀብለውታል። የአሜሪካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ዳይሬክተሮች ማኅበርም በ2008 ባወጣው መመሪያ ለጥንታዊ ሥራዎች 1970ን ዋና መለያ አድርጎታል። ስምምነቱ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራምና ከሕግ ባሻገር ያለው የሥነ ምግባር ጥያቄ ግን ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ አንድ መጽሐፍ ከገዳሙ ተሰርቆ መውጣቱ ከተረጋገጠ ዓመቱ ምንም ቢሆን ቦታው ገዳሙ ነው ማለት የዚህ ጽሑፍ አቋም ነው።

ይህ የሚቻል መሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ እዚያው አቅራቢያ አለ። በዋሽንግተን የሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በስጦታ ካገኛቸው ብራናዎች አንዱ፣ ገድለ ጳውሎስንና ገድለ ሰራባሞንን የያዘው፣ የደብረ ሊባኖስ ገዳም ንብረት እንደነበረ ተረጋግጦ በ2016 ለገዳሙ ተመልሷል። ማስረጃው የተገኘው በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ የነበሩ ብራናዎች በማይክሮ ፊልም ሲነሡ ይህም መጽሐፍ በገዳሙ ሳለ በመነሣቱ ነው። የዚያ ፊልም ስብስብ ዛሬም በሚኒሶታ በሚገኘው የሂል የእጅ ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ለማንኛውም አጥኚ ክፍት ነው።

የአንድን የዋልተርስ ሥራ ታሪክ መከተል የሚፈልግ ሰው በድረ ገጹ የዕቃውን ገጽ ከፍቶ የቀድሞ ባለቤቶች ዝርዝር የሚለውን ክፍል በመጀመሪያ ያንብብ። ዝርዝሩ በየት ዓመት እንደሚጀምርና ክፍተቱ የት እንደሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። መጽሐፉን ወይም መስቀሉን የሚያውቅ ገዳም ወይም ደብር ካለ የድሮ ፎቶ፣ የንብረት መዝገብና የአባቶች ምስክርነት በጽሑፍ ይሰብሰብ፤ የመመለስ ጥያቄን በአገር ስም የሚያቀርበውም የኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ነው።